ያልተወሰዱ ዕቃዎች

ድሬዳዋ ለገሃር፣ ከቲኬቱ መስኮት ጀርባ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ፣ ዕቃ ሳስወጣ ሳስገባ።
ሥራዬ ይኸው ነበረ፦ ላኪው ማነው? ተቀባይ ማን?
ከጅቡቲ የመጣ ጨርቅ፣ የኤረር ጎታ ብርቱካን።
ክብ ማኅተም፣ ሐምራዊ ቀለም፣ ይህ ነው ሃይማኖቴ ያን ጊዜ፤
ድቁናውን እኔ ብተወው አልተወኝም ግን ግዕዜ።

ከቢሮው ኋላ ጠባብ ክፍል፣ ቁልፏ ካንገቴ የማይወርድ፣
ባለቤት ያልመጣለት ዕቃ እዚያ ይተኛል ሳይወሰድ፦
ስፌት መኪና ያለ መርፌ፣ የሙሽራ ጃንጥላ፣
ስሙ በዝናብ የታጠበ፣ አንድ ሣጥን ከሁሉ ኋላ።

አንድ ቀን ከብርጭቆ ዕቃ፣ ከሣር ጋር የተለወሰ፣
የፈረንሳይኛ ወረቀት ወጣ፣ ዳሩ በእርጥበት የበሰበሰ።
የባቡር ፈረንሳይኛ አለኝ፤ በዚያው እየተደናቀፍሁ፣
ከአንድ የሸክላ እንስራ ሥዕል ስደርስ፣ ቆም ብዬ አረፍሁ።
ከሲና አሸዋ የወጣ፣ ከግመል ነጋዴ ማደሪያ፣
ሆዱ ላይ በቀይ ቀለም ምርቃት፣ ሁለት መጠሪያ።
ያህዌ ይባርክህ ይላል፤ እስከዚህ የማውቀው ነው።
ከዚያ ግን፦
እሱና አሼራው።

አንዱ ሊቅ ሚስቱ ናት ይላል፣ አንዱ እንጨት ናት፣ የቆመች ግንድ፤
እኔ የማውቀው የዕቃ ሕግ ነው፤ ተቀባይ ሁለት፣ ዕቃው አንድ።

ወረቀቱን ገለበጥሁት። ከሁሉ በፊት፣ ከሁሉ ድሮ፣
ኤል የሚባል ሽበታም አባት፣ ሰባ ልጆቹን ቆጥሮ፣
ሕዝቡን እንደ ዕቃ አከፋፈለ፣ በየስማቸው ጽፎ አስሮ።
ለአንዱ ሞአብ፣ ለአንዱ ኤዶም፤
ከደቡብ በነጎድጓድ የመጣው፣ ደመና የሚጋልበው ልጅ ደግሞ
ያዕቆብ የሚሉት ጥቂት ቤተሰብ ዕጣው ሆነ፤ ፈርሞ ወሰደ።
ሌላውስ? ሌላው የሌላው ነበር፤ ማንም ማንንም አልካደ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ የልጅነት ትምህርቴ መጣብኝ፦
«ዘመድ» ሲበዛ «አዝማድ» ነው፣ «ልብስ» ሲበዛ «አልባስ»፣ የኔታ በአለንጋ ያስጠኑኝ።
«አምላክ»ስ?
የብዙ ልብስ ነው ቃሉ፤ አጥብበን ለአንድ ትከሻ፣
ብዙ ስንል ደግሞ «አማልክት»፣ ካፖርት በካፖርት ላይ፣ ያለ መጨረሻ።

ነቢያት ያሳደዱት በኣል፣ በአፋችን ውስጥ ተሸሽጎ፣
ባለጋሪ፣ ባለሱቅ፣ ባል ሆኖ ይኖራል፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ።
ኤል በልጆቻችን ስም ጫፍ ላይ፣ በሳሙኤል፣ በዳንኤል፣
እንደ ተረሳ ባርኔጣ ተንጠልጥሏል።
ሞት የሚባለው የከነዓን አምላክ ግን ስሙን እንኳ አልለወጠም፤
ዕቃውን ሊወስድ ሳይመጣ የቀረበት ቀን የለም።

ለተሸካሚው ለአብዶሽ ነገርሁት፣ ደቻቱ ዳር ተቀምጠን።
«አስተግፊሩላህ!» ብሎ ጫቱን ተፋ፤ ቆየን፣ ዝም አልን።
ሰማዩ ጠራራ፣ ጠብታ የለም። ወንዙ ግን ተነሣ ድንገት፣
ደንገጎ ላይ የዘነበ ውሃ፣ ጎማና ፍየል ተሸክሞ፣ በጭቃ ጉልበት።
«ይህን ውሃ» አለ አብዶሽ፣ «ላይ ነኝ የተወለድኩ፤ በስም አውቃለሁ ሁሉን፤
አንዷ ጅረት እናቴን አጠጥታለች፣ አንዱ በልቷል ወንድሜን።
እዚህ ሲደርሱ ደቻቱ ናቸው። ምን ልበልህ? ደቻቱ አንድ ነው።»
ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፤ የዐስር ሶላት ደርሶበት ነው።

ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ያቺን ክፍል የከፈተ የለም።
ሣጥኑን ላኪውም አልጠየቀ፤ እኔም ገልጬ አላየሁም።
ቁልፏን ተመልሼ እንዳስረክብ የነገረኝ አለቃ አልመጣ፤
ከማተቤ ጋር ታስራ አለች፣
ለአንዱ በሰገድሁ ቁጥር ከመስቀሌ ጋር ትጋጫለች።